ወደ ውጭ ገበያ አገባብ፦ ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ መውጫው በር

ብዙ ኩባንያ ወደ ውጭ ገበያ የሚገባው አቅዶ አይደለም። አንድ ቀን ከማያውቀው አገር ኢሜይል ይመጣለታል፤ «ዕቃችሁን አይተነዋል፣ ዋጋ ላኩልን» ይላል። ፕሮፎርማ ይላካል፣ ገንዘቡ ይገባል፣ ኮንቴይነሩ ይወጣል። ከዓመት በኋላ ግን ዕቃው እዚያ አገር በስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛውና ለምን እንደሚገዛው የሚያውቅ ሰው በኩባንያው ውስጥ አይገኝም። አስመጪው አንድ ቀን ዝም ሲል ኩባንያውም ወደ ጀመረበት ይመለሳል።

ይህ መመሪያ ምርት ወይም አገልግሎት ይዞ ከድንበር ውጭ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ እንጂ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባሉት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙው ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነውና። በየደረጃው አንዲት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ የመጨረሻውን ደንበኛ የሚያውቀው ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ለምን እንደሚወጡና መቼ እንደሚያቆሙ ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። የአገር ውስጥ ገበያው ስለጠበበ ነው የሚወጡት? ፋብሪካው በግማሽ አቅሙ ስለሚሠራ ነው? ወይስ ትልቁ ደንበኛዎ ውጭ ስለሄደ ሊከተሉት ነው? ትርፍ ምርት ማራገፍ የፈለገ ሰው ቅርንጫፍ አያስፈልገውም፤ ጥሩ አስመጪ ይበቃዋል። ለሃያ ዓመት የሚቆይ ስም መትከል የፈለገ ደግሞ በአስመጪ ብቻ አይደርስበትም።

ከምክንያቱ ሥር ሦስት ነገሮች ያስፍሩ፦ ለዚህ ሙከራ እስከ ስንት ለመክሰር ዝግጁ ነን? በስንት ወር ውስጥ ምን ማየት አለብን? ያ ካልታየ «ይብቃ» የሚለው ማን ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሥራውን የጀመረው ሥራ አስኪያጅ ራሱ እንዲያቆም መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ የአሜሪካው ቸርቻሪ ታርጌት በካናዳ የደረሰበት ይኸው ነው። በ2011 ዜለርስ የተባለውን ሰንሰለት የሱቅ ኪራይ ውሎች በ1.825 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ጠቅልሎ ወሰደ። ሱቆቹ በእጁ ስለገቡ ቶሎ መክፈት ግድ ሆነበትና በ2013 አንድ ዓመት ብቻ ከ120 በላይ ሱቅ ከፈተ። አዲሱ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ተሞልቶ ነበርና መጋዘኑ ጢም ብሎ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ 133ቱንም ሱቆች እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሥር ሱቅ ከፍቶ ስህተቱን እዚያው ቢያይ ኖሮ የሚከስረው ገንዘብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም ነበር።

ደረጃ 2፦ አገር ይምረጡ፤ መጀመሪያ ግን የመደርደሪያውን ዋጋ ያስሉ

አገር ሲመረጥ የሕዝብ ብዛትና የገቢ ዕድገት ሰንጠረዥ ይዞ መቀመጥ የተለመደ ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ከዚያ በፊት መታወቅ ያለበት ዕቃው በሕግ መግባት መቻሉና ሲገባ በስንት ዋጋ መደርደሪያ ላይ እንደሚወጣ ነው።

የዕቃዎን የኤች ኤስ ኮድ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበትን ቁጥር፣ ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሥርዓት የተደነገጉ ስለሆኑ በአብዛኛው ዓለም አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አኃዞች እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። በኮዱ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ቀረጡ፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ አገር ያንን ዕቃ ከየት፣ ስንት እንደሚያስገባ ነው። መቀመጫውን ጄኔቭ ያደረገው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል በትሬድ ማፕ፣ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በኮምትሬድ ይህንን ቁጥር ያወጣሉ። ብዙ የሚያስገባ አገር ገዢ አለው ማለት ነው። ምንም የማያስገባ ደግሞ ወይ ራሱ ያመርታል፣ ወይ አይፈልገውም፣ ወይ በሩን ዘግቷል። «ተወዳዳሪ የሌለበት ገበያ አገኘሁ» ብለው ከመደሰትዎ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ያጣሩ።

ቀጥሎ ስሌቱ። ከፋብሪካ በ100 የሚወጣ ዕቃ እንውሰድ። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ 12 ሲጨመር 112 ይሆናል። ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ 123.2 ገባ። ከወደብ ማውጫና የአገር ውስጥ ማጓጓዣ 6.8 ጨምረው 130 ይበሉት። አስመጪው በገዛበት ላይ 20 በመቶ ሲጨምር 156፣ ቸርቻሪው 40 በመቶ ሲጨምር 218.4 ይሆናል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 20 በመቶ ቢሆን ገዢው የሚከፍለው 262 ነው። (ታክሱን መጨረሻ ላይ ብቻ የደመርነው በመሃል ያሉት ነጋዴዎች የከፈሉትን ስለሚያቀናንሱት ነው።) በ100 የወጣው ዕቃ ከእጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ደረሰ፤ በመሃል ያተረፉት ሁሉ ደግሞ ተገቢ ሥራ የሠሩ ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ የሚያሰላው እስከ ድንበሩ ያለውን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ደምሮ ነው፤ አሜሪካ ግን ዓለም አቀፉን ማጓጓዣ ሳይጨምር ያሰላል። አንዱን ቀመር ለሁሉም አገር አይጠቀሙ።

አሁን ወደ ኋላ ይሂዱ። እዚያ አገር ያለው ተመሳሳይ ዕቃ በ200 የሚሸጥ ከሆነ፣ በ262 እንዲገዙዎት የሚያደርግ ምን አለዎት? መልስ ካለዎት ይቀጥሉ። ከሌለዎት ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ዕቃውን ማቅለል፣ ሳይገጣጠም መላክ፣ ከመሃል አንዱን ነጋዴ መቀነስ፣ እዚያው ማምረት፣ ወይም ሌላ አገር መፈለግ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሄደው ይዩት። ሁለት ሳምንት ሱቅ ውስጥ መቆም፣ ሰው ዕቃ ሲያነሳና መልሶ ሲያስቀምጥ ማየት፣ ሻጩን ማናገር በገንዘብ ከሚገዛ የጥናት ሰነድ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ሲያዩም ደስ የሚለውን ወሬ ሳይሆን ከባዱን ምክንያት ይፈልጉ። የአሜሪካው ቸርቻሪ ዎልማርት በ1997 ጀርመን ገብቶ በ2006 ሱቆቹን ለጀርመኑ ሜትሮ ሸጦ ሲወጣ፣ ሰው የሚያወራው ሠራተኞቹ ለደንበኛ ፈገግ እንዲሉ መታዘዛቸውንና ጀርመኖቹ መገረማቸውን ነው። ወሬው ያስቃል። ይበልጥ የጎዳው ግን «በዝቅተኛ ዋጋ» ብሎ የሄደበት አገር አልዲና ሊድል የተባሉት የአገሩ ርካሽ ሱቆች አስቀድመው ዋጋውን ከዚያ በታች ያወረዱበት መሆኑ ነው። ይህንን ለማወቅ ከአንድ የአልዲ ሱቅ በር ገብቶ መውጣት ይበቃ ነበር።

ደረጃ 3፦ የመግቢያውን በር ይምረጡ

በሮቹ ብዙ ናቸው፤ የሚለዩትም በሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ገንዘብ ይበላሉ፣ ምን ያህል ቁጥጥር ይሰጣሉ፣ ደንበኛውን ማን እንዲያውቀው ያደርጋሉ። ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ቢመስልም ሁልጊዜ አይደለም፤ በውል ሊጠበቅ ይችላል።

ቀላሉ በአገር ውስጥ ላኪ በኩል መሸጥ ነው። ሰነዱንም አደጋውንም እሱ ይሸከማል፤ ገበያውንም እሱ ያውቀዋል፣ እርስዎ አያውቁትም። ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩ ነው፤ ለዓመታት ግን አይቀመጡበት።

ቀጥታ ሲልኩ እዚያ አገር ወኪል ወይም አከፋፋይ ይኖርዎታል። ሁለቱን ሰው ያደባልቃቸዋል፤ በሕግ ግን የተለያዩ ናቸው። ወኪል በእርስዎ ስም ትእዛዝ ያመጣል፣ ኮሚሽን ይበላል፤ ገዢው የእርስዎ ገዢ ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት። አከፋፋይ ዕቃውን ከእርስዎ ገዝቶ በራሱ ስም መልሶ ይሸጣል፤ ገዢው የእሱ ነው፣ ዋጋውንም በአብዛኛው እሱ ይቆርጣል። ውድና አገልግሎት የሚጠይቅ ማሽን በጥቂት ገዢዎች ዘንድ የሚሸጡ ከሆነ ወኪል ይሻላል። በብዙ ሱቅ የሚበተን ዕቃ ከሆነ መጋዘንና መኪና ያለው አከፋፋይ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት መገበያያ በኩል መሸጥም ከዚሁ ይመደባል። የገዢው አድራሻ ስለሚደርስዎት ደንበኛውን ያወቁት ይመስልዎታል፤ የመድረኩ ባለቤት ግን እርስዎ የማያዩትን፣ ማለትም ገዢው አይቶ ያልገዛውን ሁሉ፣ ያያል።

ላይሰንስና ፍራንቻይዝ የራስዎን ስም ወይም አሠራር ሌላው ገንዘቡን አውጥቶ እንዲሠራበት መፍቀድ ነው። ላይሰንስ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አመራረቱን ያስተማሩት ሰው ውሉ ሲያልቅ ተወዳዳሪዎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀመሩን፣ ዋናውን ክፍል ወይም ሶፍትዌሩን በእጅዎ ያስቀሩ። ፍራንቻይዝ የሚሠራው አሠራርዎ በመጽሐፍ ተጽፎ ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። የእርስዎ ሱቅ የሚሳካው እርስዎ ስላሉበት ከሆነ የሚሸጥ ፍራንቻይዝ የለዎትም።

ጆይንት ቬንቸር፣ ማለትም ከአገሩ ሰው ጋር በሽርክና ኩባንያ ማቋቋም፣ ሕጉ ሲያስገድድ ወይም ሸሪኩ እርስዎ በገንዘብ የማይገዙት ነገር ሲኖረው ይመረጣል። የአሜሪካው የቡና ቤት ሰንሰለት ስታርባክስ በ2012 ሕንድ የገባው ከአገሩ ትልቅ ኩባንያ ከታታ ጋር እኩል በእኩል ተካፍሎ ነው፤ ታታ የራሱ የቡና እርሻና መቁያ ነበረው። በሌላ በኩል የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖን በ1996 ከቻይናው መጠጥ አምራች ዋሃሃ ጋር ተሻርኮ ነበር። በ2007 ዳኖን «ሸሪኬ ከሽርክናው ውጭ ባቋቋማቸው ኩባንያዎች በኩል ያንኑ ብራንድ ይሸጣል» ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ በብዙ አገር ፍርድ ቤት ዞሮ በ2009 ዳኖን 51 በመቶ ድርሻውን ለቆ ወጣ። በወረቀት ላይ የበላዩ ዳኖን ነበር፤ ደንበኛውን፣ አከፋፋዩንና ሠራተኛውን የያዘው ግን ዋሃሃ ነበር። የአክሲዮን ብልጫ ብቻውን ገበያ አያስይዝም።

የመጨረሻው በር የራስዎን ቅርንጫፍ መክፈት ወይም እዚያ ያለ ኩባንያ መግዛት ነው። መክፈት ያዘገያል፤ መግዛት ያፋጥናል፣ ከደንበኛው ጋር ግን የሌላውን ሰው ዕዳና ልማድም ያስረክባል። እኔ ብጠየቅ፣ ዕቃው በዚያ አገር እንደሚሸጥ በአከፋፋይ ሳይረጋገጥ ማንም የራሱን ቅርንጫፍ ባይከፍት እመርጣለሁ። ልዩነቱ አገልግሎቱ ራሱ በአካል መገኘትን የሚጠይቅ ሲሆን ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ የአከፋፋዩን ውል እንደሚፋቱ አድርገው ይጻፉ

አከፋፋይ ሲመርጡ ትልቁን አይመኙ። ሁለት መቶ ብራንድ የያዘ አከፋፋይ የእርስዎን ዕቃ ካታሎግ ላይ ያሰፍረዋል እንጂ አይሸጠውም። ተወዳዳሪ ዕቃ የማይሸጥ፣ ግን ለተመሳሳይ ገዢ ሌላ ነገር የሚሸጥ መካከለኛ ነጋዴ ይፈልጉ። ከእሱ የሚገዙ ሦስት ቸርቻሪዎችን ራስዎ ሄደው ያናግሩ።

«ብቸኛ አከፋፋይ አድርገኝ» ይላል፤ ሁሉም ይላል። መስጠት ይችላሉ፤ በነፃ ግን አይስጡ። የብቸኝነት መብቱ በክልል፣ በጊዜና በዓመታዊ ዝቅተኛ ግዢ ይታሰር። ግዢው ካልተሟላ ውሉ ባይፈርስም ብቸኝነቱ ይቅር።

ከዚያ ሰው የሚዘለውን አንቀጽ ያስገቡ፦ አከፋፋዩ በየወሩ ለየትኛው ሱቅ፣ ስንት፣ በምን ዋጋ እንደሸጠና መጋዘኑ ውስጥ ስንት እንደቀረ ያሳውቃል። «የንግድ ምስጢሬ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ እውነቱን ነው። እሱን አልፈው በቀጥታ ሊሸጡ የፈለጉ ይመስለዋልና መጀመሪያ ላይ ካልተስማሙ በኋላ አያገኙትም። በምትኩ የሚሰጡት ነገር ይኑርዎት፤ የማስታወቂያ ወጪ መጋራት ወይም ከተወሰነ መጠን በላይ ቅናሽ ለዚህ ይሆናል። የግል ሰዎች ስምና ስልክ ካለበት ግን የአገሩን የመረጃ ሕግ ያክብሩ። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 4 በመቶ ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ ሊያስቀጣ ይችላል።

የማቋረጫው አንቀጽ በአገሩ ጠበቃ ይታይ። በአውሮፓ ኅብረት በ1986 የወጣው የንግድ ወኪሎች ሕግ ውሉ ሲቋረጥ ወኪሉ በአብዛኛው ካሳ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ «አልከፍልም» የሚል አንቀጽ አስቀድሞ ቢጻፍ አይጸናም። ለክርክር ደግሞ ግልግልን፣ ማለትም ከፍርድ ቤት ውጭ ሁለታችሁ በተስማማችሁበት ዳኛ መዳኘትን፣ ይምረጡ። የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ከ170 በላይ ስለሆኑ የግልግል ውሳኔ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ይልቅ ድንበር ይሻገራል።

ጉቦንም አይርሱ። በአሜሪካው የ1977 ሕግም ሆነ በእንግሊዙ የ2010 ሕግ፣ አማላጁ ለእርስዎ ሥራ ሲል የከፈለው ጉቦ እርስዎን ሊያስጠይቅ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ኮሚሽን የሚጠይቅ ወኪል ትርፉን ለማን እንደሚያካፍል ይጠርጥሩ።

ደረጃ 5፦ ስምዎን ከዕቃው በፊት ይላኩ

የንግድ ምልክት የአገር ጉዳይ ነው፤ አንድ አገር መመዝገብ ሌላው አገር አይሠራም። እንደ ቻይና ባሉ አገሮች መብቱ በመሠረቱ መጀመሪያ ላስመዘገበ ነው። በፓሪስ ስምምነት መሠረት አንድ አገር ካስገቡበት ቀን ጀምሮ 6 ወር የቅድሚያ መብት አለዎት፤ በማድሪድ ሥርዓት ደግሞ በአንድ ማመልከቻ ብዙ አባል አገሮችን መጠየቅ ይቻላል። አመልካቹ እርስዎ ይሁኑ። አከፋፋዩ «እኔ ላስመዝግብልህ» ሲል ያመስግኑትና እምቢ ይበሉ።

በርገር ኪንግ በ1971 አውስትራሊያ ሲገባ ስሙን ሌላ ሰው አስቀድሞ ይዞት ስለነበር እስከ ዛሬ እዚያ ሀንግሪ ጃክስ ይባላል።

ስሙ በአገሩ ቋንቋ ምን እንደሚል ይጠይቁ። ሚትሱቢሺ ፓጄሮን በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ሞንቴሮ ያለው ቃሉ ስድብ ስለሆነ ነው። በየመድረኩ የሚነገረው የሼቭሮሌት ኖቫ ታሪክ ግን ተረት ነው፤ «ኖ ቫ» ማለት «አይሄድም» ስለሆነ አልተሸጠም ቢባልም መኪናው በሜክሲኮና በቬኔዝዌላ ደህና ተሽጧል።

ደረጃ 6፦ የሚቀየረውንና የማይቀየረውን ይለዩ

በሕግ የግድ የሚቀየሩትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቮልቴጁን፣ መሰኪያውን፣ መለያ ጽሑፉንና የደኅንነት ምልክቱን፣ መጀመሪያ ይጨርሱ። የቀረው ፍርድ ይጠይቃል። ማክዶናልድስ በ1996 ሕንድ ሲገባ የበሬ ሥጋ ከዝርዝሩ አወጣ፤ የወጥ ቤቱን ፍጥነትና አሠራር ግን አልነካም። ደንበኛው የሚቀምሰው ተለወጠ፣ ኩባንያውን ኩባንያ ያደረገው ቀረ። ፔፕሲኮ በ1989 የእንግሊዙን የድንች ቺፕስ አምራች ዎከርስን ሲገዛ ደግሞ ዕቃው ሌላ ቦታ ሌይስ ቢባልም እዚያ የታወቀውን ስም አልጣለም።

አንዳንዴ ዕቃው ምንም አይጎድለውም፤ ገበያው ነው ያልጎደለበት። ስታርባክስ በ2000 አውስትራሊያ ገብቶ በ2008 ከ84 ሱቆቹ 61ዱን ዘጋ። የጣሊያንና የግሪክ ስደተኞች ከዓመታት በፊት ያስለመዱት የኤስፕሬሶ ቤት በየመንደሩ ነበር።

ማስታወቂያውን ከቋንቋ ቋንቋ አያስተርጉሙት። ምን ማለት እንደሚፈልጉ ይንገሩና እዚያ የሚኖር ጸሐፊ ከባዶ ይጻፈው።

ደረጃ 7፦ ዋጋ፣ ገንዘብና ሰነድ

በየዋጋ ማቅረቢያው ላይ የኢንኮተርምስ (የሻጭና የገዢ ወጪና ኃላፊነት የት እንደሚለያይ የሚወስኑ ዓለም አቀፍ የንግድ ቃላት) ቃሉንና ዓመቱን ይጻፉ፤ አሁን የሚሠራው የ2020ው ነው። «ኤፍ ኦ ቢ» ያለ ሻጭ ኃላፊነቱ ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ያበቃል፤ «ዲ ዲ ፒ» ያለ ደግሞ የውጭውን አገር ቀረጥ ጭምር ተሸክሟል። ጀማሪ ከዲ ዲ ፒ ይራቅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ኤልሲ፣ ማለትም «ሰነዱ ከተሟላ እከፍላለሁ» የሚል የባንክ ማረጋገጫ፣ ይጠይቁ። ባንክ ኤልሲን የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ዕቃ አይቶ አይደለም፤ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ክፍያ ታስቆማለች። ምንዛሪውንም አይናቁ። በ2015 መጀመሪያ የስዊስ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ በፍራንክ ሲመነዘር ከዚያ በታች እንዳይወርድ ያቆመውን ወለል በድንገት ሲያነሳ የፍራንክ ዋጋ በአንድ ቀን ዘለለ፤ በፍራንክ ወጪ አውጥቶ በዩሮ የሚሸጥ ሁሉ ትርፉ እዚያው ቀለጠ። የአገሮች የዋጋ ልዩነት ሲሰፋ ደግሞ አንድ ነጋዴ ዕቃዎን ከርካሹ አገር ገዝቶ ውዱ አገር ውስጥ ከራስዎ አከፋፋይ በታች ይሸጠዋል፤ ስለዚህ ዋጋውን ለየአገሩ ለብቻ ሳይሆን አንድ ላይ አስቀምጠው ይዩት።

ደረጃ 8፦ ማን ምን እንደሚወስን ይለዩና ትክክለኛውን ቁጥር ይከታተሉ

ዋናው መሥሪያ ቤት ስሙን፣ አርማውን፣ ጥራቱንና የዋጋውን ወሰን ይያዝ። እዚያ ያለው ቡድን የማስታወቂያውን ቃል፣ የሽያጭ ቦታውን፣ በወሰኑ ውስጥ ያለውን ቅናሽና የወቅቱን ዘመቻ ይወስን። ለእያንዳንዷ ፖስተር ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠበቅ ከሆነ ጥሩው ሰው ለቅቆ ይሄድና ፈቃድ ጠባቂው ይቀርልዎታል።

ከቁጥሮች ሁሉ አንዱን ከመረጡ ከመደርደሪያ የወጣውን ይምረጡ። ለአከፋፋዩ የሸጡት ሽያጭ አይደለም፤ ዕቃው መጋዘን ቀየረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ የሚያምረው ሱቆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚሞሉ ነው። በሁለተኛው ዓመት ትእዛዝ ሲቀንስ ሁሉም ይደነግጣል፤ የአከፋፋዩን ወርሃዊ ክምችት ይከታተል የነበረ ግን ከስድስት ወር በፊት ያውቀዋል።

ደረጃ 9፦ መጠንከር ወይም መውጣት

በደረጃ 1 የጻፉት ገጽ እዚህ ይወጣል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ አንድ በር ወደ ውስጥ ይግቡ፦ ከአከፋፋዩ ጎን የራስዎን አንድ ሰው ይቅጠሩ፣ ቀጥሎ ቅርንጫፍ ይታያል። ካልሆነ ተመልሶ መግባት በሚቻልበት መንገድ ይውጡ። ኢኬያ በ1974 ጃፓን ገብቶ በ1986 ወጣ፤ በ2006 ጠባብ ቤቶችን ለሚያውቅ ደንበኛ በሚስማሙ የማሳያ ክፍሎች ተመለሰ።

ሲወጡ የገዢዎችን የዋስትና ጥያቄና መለዋወጫ የሚሸከም ሰው ይተዉ፤ የደንበኛና የሽያጭ መዝገቡንም ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ይዘው ይውጡ። የንግድ ምልክቱ ምዝገባ በአብዛኛው ለ10 ዓመት ነውና ማደሻ ቀኑን ይመዝግቡ። ማደስ ብቻ ግን አይበቃም። ሳይሠራበት የቆየ ምልክት በቻይናና በጃፓን ከ3 ዓመት፣ በአውሮፓ ኅብረት ከ5 ዓመት በኋላ በተቃዋሚ ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ሱቁን ቢዘጉም አንድ አነስተኛ አስመጪ በዚያው ስም ጥቂት ዕቃ እየሸጠ ይቆይ፤ ደረሰኞቹንም በየዓመቱ አስልከው ፋይል ያድርጉ።